ከሐይቁ ቀድሜ

ሰኞ 4

የሐይቁ እንቁላሎች ዛሬ ገቡ። ዶክተሩ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ባልዲዎቹን ራሱ ተሸክሞ አመጣቸው። ላግዝህ ቢሉት እሺ አይልም፤ አራስ ልጅ የታቀፈ ነው የሚመስለው። በአራት ትሪ ከፋፍለን ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈስበት መደርደሪያ ላይ አሰናዳናቸው። ሁለቱ ትሪ ሐይቁ ዳር ከሚኖሩት ዓሦች ነው፣ ሁለቱ ከጥልቁ። ዘራቸው አንድ ነው። ብቻ የዳሮቹ መንጋጋ አጭርና ወፍራም ነው፣ ቀንድ አውጣ የሚሰብሩበት፤ የጥልቆቹ ቀጭንና ረጅም።

የእኔ ሥራ ቀላል ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተው የነጡትን እንቁላሎች በመምጠጫ እያነሱ መጣል። አለበለዚያ ሻጋታ ያበቅሉና ጎረቤቶቻቸውን ይፈጃሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ለገበያ ዓሣ በሚያራባ ድርጅት ስሠራ የኖርኩት ይኼንኑ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ዶክተሩ አፈላልጎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ አመጣኝ።

«ጋሼ፣ ነጮቹን ብቻ» አለኝ ዛሬ። «ሌላው ምንም ቢመስል አይንኩት።»

ራሴን ነቀነቅኩ። በልቤ ግን፣ ይኼ ልጅ እንቁላል ያየው በመጽሐፍ ነው አልኩ።

ድሮ እንዲህ ያለውን ሁሉ ማታ ማታ ለባለቤቴ ነበር የማወራላት። ገና ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እኔም አላቆምም ነበር። አሁን እሷ የለችም። ይኼን ደብተር ልጄ ናት የሰጠችኝ፣ «ለግድግዳው ከምታወራ» ብላ።

ሐሙስ 7

ነጭ ጥቂት። ውሃው ደህና። ከዳር ሌላ አንድ ትሪ ተጨመረ፣ አምስት ሆኑ።

ዘበኛው በር ላይ «እንደምን አደሩ ክቡር የጽዳት ሚኒስትር፣ ሳሙና ይረክስ ይሆን ዘንድሮ?» አለኝ። ስሙን ያወጣልኝ አንድ ቀን ትሪዎቼን አይቶ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። መኩራት ኃጢአት መሆኑ አይጠፋኝም። ትሪ ግን ትሪ ነው።

እሑድ 10

ልጄ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ዛሬ ተረኛ ስለነበረች ልጇን፣ ትንሹን፣ ይዤው ወደ ጸሎት ቤት ሄድኩ። አባቱ ሹፌር ነው፣ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። በካፖርቴ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ብርድ አልነበረም። ካፖርቱ እግሩን ይሸፍናል።

አጠገቤ የምትቀመጠው ዳቦ ሻጯ ጉንጩን ነካ አድርጋ ዕድሜውን ጠየቀችኝ።

«አሥራ አራት ወሩ ነው» አልኳት።

«ለአሥራ አራት ወር እንዴት ያለ ጎረምሳ ነው እቴ። ይደግልዎት።»

ደስ አለኝ። ቤት ስደርስ ክንዴ ዝሎ ነበር።

ትንሹ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ቆሞ አልሄደም። በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ቤቱን ያዳርሳል፣ ያገኘውን ሁሉ በጣቱ እያሳየ ይስቃል። ሐኪሙ «ምንም አላገኘሁበትም፣ ዘግይቷል» ነው ያለው። ዘግይቷል ተብሎ ለሰው እንዴት ይነገራል?

ውሸት አልለውም። እግሩ ያለበትን ዕድሜ ነው የነገርኳት።

ማክሰኞ 12

የዳሮቹ ዓይን ጠቆረ። ይኼን ቀን ሁልጊዜ እወደዋለሁ። ትናንት የውሃ ጠብታ ይመስል የነበረው ሁሉ ዛሬ ሁለት ሁለት ነጥብ ይዞ ቀና ብሎ ያይሃል።

ከመካከላቸው ግን ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ፤ እዚህ አንዱ፣ እዚያ ሁለቱ። ዓይናቸው ገና ገርጣ ያለ። አልነጡም። ጠጋ ብሎ ላያቸው ልባቸው ትር ትር ትላለች።

አነሳኋቸው።

በድሮው መሥሪያ ቤት ደንቡ ይኼ ነበር። የዘገየው መኖ ይጨርሳል እንጂ ሚዛን አያነሳም ተብሎ ከትሪው ይለቀማል። እጄ ለምዶታል፣ ሳላስበው ይሄዳል። ክዳን ያለው ባልዲ፣ ከታች በረኪና። ከጥልቆቹ የሚነሳ አልነበረም፤ እነሱ ሁሉም ዘግየት ብለው አንድ ላይ ነው የሚመጡት።

ዶክተሩ ነጮቹን ብቻ ማለቱ አልጠፋኝም። ግን የተዝረከረከ ትሪ ለመምህርቷ ማስረከብ አልወድም።

መምህርቷ የዶክተሩ ተማሪ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስታስተምር ኖራ ነው ለማስተርስ የተመለሰችው፤ የተሰጣት ፈቃድ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። እኔ አጽድቼ ስወጣ እሷ ትገባና እያንዳንዱን ሽል በማይክሮስኮፕ እያየች የት እንደደረሰ ትመዘግባለች። ዛሬ ትሪውን ስታይ «ጋሼ፣ እርስዎ ያጸዱት ትሪ ለሙሽራ የተነጠፈ አልጋ ነው የሚመስለው» አለችኝ።

እየሳቅኩ ዋልኩ።

ዓርብ 15

መምህርቷ ዛሬ ጠርታ ማይክሮስኮፑን አሳየችኝ። ዓይኔን አስጠግቼ ብዙ ቆየሁ። እንደዚያ ጎልቶ አይቼው አላውቅም፤ አከርካሪው እንደ ክር፣ ልቡ እንደ ቀይ ዘር። ምን ፈልገው እንደሚለፉ ጠየቅኳት።

«ዝግመተ ለውጥ ሲባል ሰው የሚያስበው ከመሬት የተቆፈረ ትልቅ አጥንት ነው» አለችኝ። «እዚህ ግን እንቁላል ውስጥ ነው የሚጀምረው። ጥያቄው መንጋጋው መቼ መጠንከር ይጀምራል ነው። የዳሮቹ ቶሎ ይጀምራሉ፣ የጥልቆቹ ዘግይተው። ልዩነቱ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ዓይኑ ዘግይቶ የጠቆረው መንጋጋውም ይዘገያል። ቶሎ የጠነከረው አጭር ሆኖ ይቀራል። የዘገየው ማደጉን ይቀጥልና ይረዝማል። ያው ዘር ነው፣ ያው ዓሣ።»

«ታዲያ ማን ለያያቸው?»

«ሐይቁ። ከአንድ እናት ቶሎ የሚለውም የሚዘገየውም ይወለዳል። ዳር ላይ ቀንድ አውጣ መስበር ያቃተው ይራባል፤ ከጥልቁ ከደረሰ ግን እሱ ነው የሚቀናው። በየትውልዱ እንዲህ ትንሽ ትንሽ ሲመረጥ አንዱ ዘር ሁለት መልክ ያወጣል። ለዚህ ነው ከዳሮቹ መካከል የሚዘገዩትን የምንፈልገው። እነሱ ከተገኙ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው።»

«እና ተገኙ?»

«አንድም የለም። ገርሞኛል።»

«ይገርማል» አልኳት።

ልነግራት ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ «ሻይ ላምጣልሽ?» ብዬ ዘጋሁት። አመጣሁላትም። ስኳሩን ረስቼው።

አሁን ልጄና ትንሹ ተኝተዋል፣ እኔ እዚህ ነኝ። እግዚአብሔር ለአንድ ዘር ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም አብሮ ሰጥቶት ነበር፤ ለየትኛው ቀን ማን እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ አንዱን ለቅሜ በረኪና ውስጥ ከተትኩ። ለዓሣ ይጸለያል ወይ? ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

ነገ እነግራታለሁ። ነገ ጠዋት፣ ከሰላምታ በፊት።

ቅዳሜ 16

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የገባው የዳር ትሪ ዛሬ ጠቆረ። ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩበት። ብተዋቸው መምህርቷ ታያቸዋለች። ካየቻቸው በፊተኞቹ ትሪዎች ለምን ጠፉ ትላለች።

አነሳኋቸው።

የማክሰኞው ባለማወቅ ነው። የዛሬው ግን

ረቡዕ 20

ጠዋት ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ዶክተሩና መምህርቷ ጠረጴዛው አጠገብ ናቸው፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ።

«ይኼ ቁጥር ከየት መጣ?» አላት።

«ከትሪው።»

«እንዲህ የተስተካከለ ነገር ከትሪ አይወጣም። ዳሮቹ በሙሉ ቶሎ፣ ጥልቆቹ በሙሉ ዘግይተው፣ መሃል ላይ ማንም የለም። ባለፈው ዓመት ከዳር ባነሳነው መረብ ውስጥ ረጅም መንጋጋ ያላቸው ነበሩ። እነሱ ታዲያ ከሰማይ ወረዱ?»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ወይስ ለመጨረስ የሚመችሽን? ፈቃድሽ እያለቀ መሆኑን አውቃለሁ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ» አለች። «ተማሪ ሲኮርጅ ወረቀቱን የምቀማ ሰው ነኝ።»

ውሃውን ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም። ጸጥ ሲል ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነጮቹን ብቻ ነው የሚያነሱት፣ አይደል?»

«እንዳዘዙኝ ነው» አልኩት።

ቃሉ ሳይደናቀፍ ወጣ። ምላሴ እንዲህ መታዘዙን አላውቅም ነበር።

«ይኸው» አላት ዶክተሩ። እኔን ምስክር አድርጎ።

ሐሙስ 21

ስጸልይ «ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስደርስ ዘልዬው አለፍኩ። ማንም ያስተዋለ የለም። ከአንዱ በስተቀር።

እሑድ 24

ራሴን አሞኛል ብዬ ከጸሎት ቤት ቀረሁ። አላመመኝም።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ከመክፈቴ በፊት ትንሹን አንስቼ መኝታ ቤት አስገባሁት፤ ይኼንንም እጄ ለምዶታል። የመጣችው የባለቤቴ ታላቅ እህት ነበረች።

«ልጁስ?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ተኝቷል እትዬ።»

ይኼኔ ከውስጥ ሳቁ ተሰማ። ቁም ሳጥኑን እየደበደበ ነው። እትዬ ቀና ብላ አየችኝ፣ ገብታ አወጣችውና ወለሉ ላይ ለቀቀችው። እሱም በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደ ቦርሳዋ ገሰገሰ።

«አይ ዘር» አለች እየሳቀች። «ቁርጥ እናቱን። እሷም እኮ እንዲህ ወለል ስትጠርግ ነው ሁለት ዓመት የሞላት።»

«የማን እናት?»

«የዚህ ናታ። ልጅህ።»

«ልጄ በዓመቷ ነው የሄደችው።»

«ማን አለህ?»

«እናቷ።»

እትዬ ቦርሳዋን ከልጁ ቀምታ መልሳ ሰጠችው።

«ከሥራ ስትገባ አዝላት ነበር የምትቆይህ» አለችኝ ኋላ። «ተኝታለች ትልህ ነበር። መጀመሪያ ቆማ የሄደችው እኔ ቤት ነው፣ ሁለት ዓመት አልፏት። እህቴ የዛን ቀን አለቀሰች።»

«ለምን ደበቀችኝ?»

«አፍህን ፈርታ ነዋ» አለች። ከዚያ ሻይዋን ቀምሳ፣ «ስኳር የለም በዚህ ቤት?»

ከሄደች በኋላ መብራቱን ሳላበራ ተቀመጥኩ። ሁሉም ትዝ አለኝ። ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ጀርባዋ ላይ አዝላት ነው የማገኛት፤ እኔም እንዴት ያለች አንጀቷ የማይችል እናት ናት እል ነበር። ለሥራ ጓደኞቼም በኩራት አውርቼዋለሁ።

ሌላም ትዝ አለኝ። በእነዚያ ዓመታት ማታ ማታ የማወራላት ምን ነበር? ዛሬ ከዚህ ትሪ ይኼን ያህል የዘገየ ለቀምኩ፣ ከዚያኛው ደግሞ ይኼን ያህል፤ አለቃው እጄን አመሰገነው፤ ዘገምተኛን ገና ከእንቁላሉ የሚያውቅ ዓይን አለህ አለኝ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ልጃችን በመካከላችን።

እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ 26

ዘበኛው ዛሬ ወሬ ይዟል። «መምህርቷ ቁጥር ፈጥራ ተያዘች አሉ። እኔ መጀመሪያም ያ ቦርሳዋ አላማረኝም፣ ትልቅ ነው።»

«ቁጥር በቦርሳ ይሰረቃል እንዴ?»

«እንደ ቁጥሩ ነው ክቡር ሚኒስትር።»

ሳቅኩ። እግዚአብሔር ያውቃል ሳቅኩ።

እሷ ዕቃ ማጠቢያው ጋ መጣች። ፊቷ ሰልሏል። ሐሙስ የትምህርት ክፍሉ መምህራን እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። ካሰናበቷት ወሬው ለትምህርት ቤቷም ይደርሳል፤ ቁጥር ፈጥራለች የተባለች ሰው ተመልሳ ተማሪ ፊት መቆም አትችልም።

«ደጋግሜ ቆጠርኩ» አለችኝ። «ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን እንኳ እቆጥራለሁ። የት እንደተሳሳትኩ ማወቅ አቃተኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ያምኑኛል?»

«አምንሻለሁ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። እርጥብ ነበር፣ ሳሙና ነበረበት፣ አልተጸየፈችም።

ረቡዕ 27

ልጄ እራት አቅርባ እሷ አልቀመጥ አለች።

«አባዬ፣ ዳቦ ልገዛ ገብቼ ሴትየዋ ልጄን አሥራ አራት ወር ነው አለችኝ።»

እጄን ከሳህኑ መለስኩ።

«አላረምኳትም። ፊቷ ላዋርድህ አልፈለግኩም።»

«ሰው ክፉ ነው ልጄ። እንዳያወሩበት ብዬ ነው።»

«እስካሁን ያወራ ሰው የለም። አንተ ብቻ ነህ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ትንሹ እንዳይነቃ ይመስል፣ «ስንት ወር ሲቀነስለት ነው የምትወደው?»

ሳህኑን አንስታ ሄደች። እሷስ ስንት ተቀንሶላት ይሆን ያደገችው። ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። እናቷ ምን ያህል እንደነገረቻት አላውቅም። ምናልባት ሁሉንም።

ሐሙስ 28

ተናግሬያለሁ።

ከስብሰባው በፊት የዶክተሩን ቢሮ አንኳኳሁ። መምህርቷም እዚያው ነበረች፣ ወረቀቶቿን ጭኗ ላይ ደርድራ። ተቀመጡ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም።

«የዳሮቹ የዘገዩት ነበሩ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያነሳኋቸው።»

ዶክተሩ መጀመሪያ አልገባውም። ድሮ የሠራሁበትን ነገርኩት፣ ደንቡን፣ ባልዲውን። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ስንት ይሆናሉ?»

«አልቆጠርኳቸውም። እኛ ዘንድ የሚጣል አይቆጠርም።»

«ነጮቹን ብቻ ብዬዎት ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

«ከእርስዎ ይልቅ እኔ የማውቅ መስሎኝ ነው።»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። አንድ ሽማግሌ ከልማዱ የተነሳ ተሳሳተ ተብሎ ይቀር ነበር፤ ዶክተሩም ፊቱ ወደዚያው እያዘነበለ ነበር። የቅዳሜውን ማንም አያውቀውም። ባልናገረው ኖሮ ስጸልይ ዛሬም «ይቅር በለን» የሚለውን ዘልዬው ማለፌ ነበር።

«ከሁለት ሳምንት በፊት ዓርብ መምህርት አስረድታኛለች» አልኩ። «ገብቶኝ ነበር። በማግሥቱ ቅዳሜ እያወቅኩ አነሳሁ፣ የፊተኛው እንዳይታወቅብኝ። ያለፈው ሳምንት ረቡዕም ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።»

ዶክተሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ሲናገር አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የእኛ ጥያቄ ሐይቁ ማንን ያስቀራል የሚል ነበር ጋሼ። እርስዎ ከሐይቁ ቀደሙ።»

መምህርቷ ወረቀቶቿን አስተካክላ ተነሳች።

«ማክሰኞ ያምኑኛል ወይ ብዬ ስጠይቅዎት» አለች።

«አዎ ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ።»

በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ሰኞ 2

ስብሰባው መምህርቷን ነጻ አውጥቷታል። ቁጥሯ ትክክል ነበር፤ ትክክል ያልነበረው ትሪው ነው። ግን የዳሮቹ ሥራ በሙሉ ተሰርዟል። ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉት በዓመት አንድ ወቅት ነው፣ እሱም ሊያልቅ ነው። ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ መረብ ሊጥል ሄዷል። እንቁላል የያዘች ዓሣ ካልተገኘች የመምህርቷ ዓመት ባከነ ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፈቃድ አይሰጥም።

እኔን አላባረሩኝም። ከትሪዎቹ ክፍል አውጥተው ውጭ ገንዳ እንድፈገፍግ አዘዙኝ። ቢያባርሩኝ ይቀል ነበር። እዚህ በመስታወቱ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ባዶውን መደርደሪያ ስትወለውል አያታለሁ።

ዘበኛው «ሚኒስትርነቱ ተሻረ አሉ» አለኝ።

«ተሽሯል።»

«በምን ምክንያት?»

«የቁጥሩ ሌባ እኔ ነኝ። ቦርሳ ግን አልያዝኩም።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ከዚያ ወዲህ በስሜ ነው የሚጠራኝ። ቅጽል ስሙ ይናፍቀኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር መናፈቄም ያሳፍረኛል።

ሐሙስ 5

ተገኘች። አንዲት የዳር ዓሣ። አንድ ትሪ ብቻ። ነጮቹን መምህርቷ ራሷ ታነሳለች፤ እጇ ገና ነው፣ ከአንዱ ነጭ ጋር ጎረቤቱን ታነቃንቃለች። በመስታወት እያየሁ ጣቶቼ ሲንቀሳቀሱ ያዝኳቸው። ፊቴን አዞርኩ። ፈገፈግኩ።

ዛሬ ጸሎቴን ሳልዘል ጨረስኩ። ቀለለኝ ማለቴ አይደለም።

ዓርብ 13

ከሰዓት በኋላ መምህርቷ በሩን ከፍታ «ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ይምጡ። እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ።»

ከተትኩ። እየቀለደች ይሁን አይሁን አላወቅኩም፤ ፊቷ አልሳቀም። ትሪው ጠቁሯል፣ በየቦታው ግን ገርጣ ያሉት አሉ። ማንም አልነካቸውም። አንዱን ማይክሮስኮፕ ስር አስቀምጣ ፈቀቅ አለችልኝ።

ዓይኑ ገና ጥላ ነው። ልቡ ግን ያው ቀይ ዘር፣ ትር ትር ትላለች። ከጎኑ ካለው ፈጣኑ ጋር እኩል ነው የምትመታው። ይኼን ያህል ዘመን ስለቅማቸው ኖሬ ልባቸውን ከሌሎቹ ጋር አስተያይቼ አላውቅም ነበር።

«መንጋጋው ገና አልጀመረም» አለች። «አልታመመም። ሲጀምር ደግሞ ከሌሎቹ በኋላ ነው የሚያቆመው። ሐይቁ ውስጥ ቢሆን ዳር ላይ ይቸገር ይሆናል፤ ውሃው ቢጎድል ወይም ቀንድ አውጣው ቢጠፋ ደግሞ ዘሩን የሚያተርፈው እሱ ይሆናል። ከአሁኑ ማወቅ አይቻልም።»

«አይቻልም» አልኩ።

«የጣሏቸው እንዲህ ነበሩ?»

«እንዲሁ ነበሩ መምህርት።»

የሆነ ነገር ጻፈች። ብዙ ጻፈች። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ስወጣ ግን «ነገም ይምጡ፤ መምጠጫውን እንዴት እንደሚይዙት ያሳዩኛል። በባዶ ትሪ» አለችኝ።

እሑድ 15

ወደ ጸሎት ቤት ሄድን፣ ትንሹና እኔ። ልጄ ተረኛ ናት። ካፖርቱን ስለብስ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ነበር። አውልቄ መስቀያው ላይ መልሼ ሰቀልኩት። የትንሹን ካልሲ ወደ ላይ ሳብ አደረገችለት።

ዳቦ ሻጯ ቦታዋ ላይ ነበረች። ጉንጩን ነካ አደረገችው።

«ይኼ ጎረምሳ አሁንስ ስንት ወር ሆነው?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር።»

እጇ ጉንጩ ላይ እንዳለ ቆመ። «ባለፈው አሥራ አራት ወር አላሉኝም?»

«ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

ከፊታችን ያሉት ሁለት ሰዎች ዞሩ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እሷ ወደ እግሩ ወረድ ብላ አየች፤ ያለ ካፖርት ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ።

«አይሄድም?»

«ገና አልሄደም።»

ሌላ ነገር ልጨምር ነበር፤ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ እናቱም እንዲሁ እንደነበረች። ተውኩት። ዕድሜው ያ ነው፣ መልሱም ያ ነው።

ሴትየዋ ቦርሳዋን ከአግዳሚው ላይ አነሳችና ፈቀቅ አለች። በመካከላችን አስቀመጥኩት። ወዲያው በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደ እሷ ሄደ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ጸሎቱ ሳይጀመር፣ እየሳቀ።

ስንመለስ ክንዴ እንደ ባለፈው ዛለ። ዕድሜውን ያህል ነው የከበደኝ።